ብረት የሚገባላችሁ ከሆነ

ኦፕራሲዮን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ዘመድ አዝማድ የሚደውልልኝ ግን ሁሌም ቁስሉ መግል ከያዘ በኋላ ነው። «አንቺ፣ እስቲ አንድ ጠንከር ያለ አንቲባዮቲክ ንገሪን!» ያኔ ግን ብዙ ነገር አልፏል።

ሥጋና አጥንት ደም ይደርሳቸዋል። ከደሙ ጋር ነጭ የደም ሴሉም መድኃኒቱም ይመጣል። አጥንት ለመጠገን ወይም መገጣጠሚያ ለመቀየር የሚገባው ብረት ግን ደም ሥር የለውም። ባክቴሪያው እዚያ ላይ ካረፈ ይጣበቃል፣ ይባዛል፣ ከዚያ የሚያሟልጭ ሽፋን ሠርቶ ውስጡ ይደበቃል፤ ባዮፊልም የሚሉት ይህን ነው። ጠዋት ስትነሡ ጥርሳችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር ዘመዱ ነው፣ እሱም ካልተፋቀ በመጉመጥመጥ ብቻ አይለቅም።

በ1957 ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ውስጥ ስታፊሎኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ አስገብተው ነበር። (ዛሬ ማን ይፈቅድላቸዋል!) መግል ለማስያዝ ሚሊዮኖች አስፈለጉ። የስፌት ክር አብሮ ሲኖር ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆኑ። እንግዲህ ክር እንዲህ ካደረገ፣ ጭን ሙሉ የሚያህል ብረት ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

ባክቴሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራሳችን ቆዳና አፍንጫ ነው የሚመጣው፣ ከክፍሉ ሰውና አየርም ጭምር። እንግሊዝ አገር ራይቲንግተን ሆስፒታል የዳሌ መገጣጠሚያ ይቀይር የነበረው ጆን ቻርንሌይ በ1960ዎቹ የክፍሉን አየር እያጣራ፣ የሐኪሞቹንም ልብስ እየቀየረ ኢንፌክሽኑን ከ7 በመቶ ገደማ ወደ 1 በመቶ በታች አወረደው። እኛ ጋ ቻርጀር ፍለጋ በሩን የሚከፍተው ሰው ይህን ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ለመከላከያ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ቆዳው ሲቀደድ ደም ውስጥ መገኘት አለበት፣ ስለዚህ የሚወጋው ከዚያ በፊት ነው፤ ሴፋዞሊን ከሆነ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ። «ተሰጠኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ማንም አይቆጣም። ቁስሉ ከተዘጋ በኋላ «ለጥንቃቄ» እየተባለ ለቀናት የሚቀጥለውን መርፌ ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 መመሪያው አይመክርም። አጥንቱ ቆዳ ቀድዶ የወጣ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፣ እሱን ለሐኪሙ ተዉት።

ቤት ሳላችሁ ገላችሁን በሳሙና ታጠቡ። በምላጭ አትላጩ፣ ምላጭ በዓይን የማይታይ ቁስል ትቶ ይሄዳል። ስኳር ካለባችሁ አስተካክሉት፣ ሲጋራውንም ተዉት። ሰውነታችሁ ላይ እባጭ ወይም የሚያመረቅዝ ጥርስ ካለ ደግሞ አትደብቁ፣ ቀጠሮው እንዳይራዘም ብሎ ዝም የሚል ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

ከወጣችሁ በኋላ ቁስሉ ላይ ቅቤም ቅጠልም አይደረግ። ፈሳሹ ካላቆመ ወይም ከደረቀ በኋላ ተመልሶ ከመጣ ፋርማሲ ሳይሆን የሠራችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። በጊዜ ከተደረሰበት ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ብረቱ ባለበት ሊቆይ ይችላል። የባክቴሪያው ሽፋን ከጠና ግን ብዙ ጊዜ ብረቱን ማውጣት ግድ ይሆናል።