ሥራዋን አይቻለሁ፤ እሷን ግን አላየኋትም

ይህን የምጽፈው ስላልበረደልኝ ነው። ከቤት ሆና ስለሠራች ዕድገት ያለፋት አንዲት ባልደረባዬ ጉዳይ ነው። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። አሁንም ግን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የምሠራው በአንድ አስመጪ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ነው፣ የክፍሉ ኃላፊ ነኝ። ቢሯችን ካሳንቺስ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛም ከነዋሪው ጋር ተነሳን። ቦክስ ፋይሉ በፒክአፕ ተጫነ። ሰርቨሩ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጋዘናችን ገባና እዚያው ተተከለ። አዲስ ቢሮ እስኪገኝ ድረስ ሁላችሁም ከቤት ሥሩ ተባልን።

ከቤት መሥራት ለእኛ አዲስ አልነበረም። ኮቪድ መጋቢት 2012 ሲገባም ሞክረነው ነበር። በቅጡ ሳንለምደው ግን ሰኔ 23፣ በሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ ማግስት፣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ሰኔ 30 ሒሳብ መዝጊያ ነው፤ የሙያው ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አንድ ሳምንት ሲቀረን መስመሩ ድርግም አለ። ፋይል በፍላሽ እያመላለስን እንደምንም ዘጋን። ሥራ አስኪያጃችን ያንን ሰኔ አይረሳውም። ከቤት ስለመሥራት ወሬ በተነሳ ቁጥር የሚያነሳው እሱን ነው። እዚህ ላይ እውነት አለው፣ አልከራከረውም።

ክፍሌ ውስጥ የባንክ ማስታረቂያና የትራንዚት ሒሳብ የያዘች አንዲት ልጅ አለች፤ መዝገባችንን ከባንኩ ጋር ታመሳክራለች፣ ዕቃ ከጉምሩክ የማስወጣት ወጪንም ትይዛለች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ካሳንቺስ ሲፈርስ ከወሊድ ፈቃድ የተመለሰች ሰሞን ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሚሰጠው 120 ቀን ነው፤ 30 ከወሊድ በፊት፣ 90 ከወሊድ በኋላ። ዘጠናው ቀን ሲያልቅ ልጁ ገና የሦስት ወር ጨቅላ ነው። እናቱ በሰዓቱ ቢሮ ለመድረስ ሳይነጋ የታክሲ ሰልፍ ትይዛለች። ማታ ስትመለስ ልጁ ተኝቷል። ጡቷ ወተት አግቶ ሸሚዟ ሲርስ፣ በነጠላ ሸፈን አድርጋ ሌጀር ስታመሳክር በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላማረረችም።

ከቤት ሥሩ ሲባል የታክሲው ሰዓት ተመለሰላት። ኔትወርኩ ፈጣን የሚሆነው ሌሊት ነው ብላ ከንጋቱ በፊት ትነሳለች። በኤኒዴስክ፣ ከርቀት ኮምፒውተር በሚከፍተው ፕሮግራም፣ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታ፣ ልጁ እስኪነቃ የአንድ ባንክ ስቴትመንት ትጨርሳለች። መብራት ሲሄድ በስልኳ ዳታ ትቀጥላለች። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ልጇን አዝላ መብራት ያልጠፋበት ብሎክ ፍለጋ ትወጣለች። የወሩን ማስታረቂያ ካሳንቺስ ሳለን እናስረክብበት ከነበረው ቀን ቀድማ ትልክልኝ ጀመር።

አንድ ምሽት በቴሌግራም ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ የቼክ ጉርድ ነው፣ ሌላው የባንክ ትራንስፈር ወረቀት። ለአንድ ትራንዚተር (ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣልን ወኪል)፣ ለአንዲት ዕቃ፣ በአንድ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነድ) ቁጥር ሁለት ጊዜ ተከፍሏል። በሁለቱም ላይ ቁጥሩን በቀይ እስክሪብቶ አክብባዋለች። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «እስቲ አንዴ እዪልኝ፤ ዓይኔ ነው ወይስ እውነት ነው?» እውነት ነበር። ብሩ ትንሽ አልነበረም። ሰነዶቹ ቢሮ እያለን በስንት ጠረጴዛ ዞረዋል፤ ያዘጋጀው፣ የመረመረው፣ ያጸደቀው የሚለው መስመር ሁሉ ተፈርሞበታል። የያዘችው ግን እሷ ናት፣ ልጇን አስተኝታ፣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ። ትራንዚተሩ ሲጠየቅ ገንዘቡን መለሰ።

ይህን ስል ከቤት መሥራት ለሁሉም ሰው ይሆናል እያልኩ አይደለም። በዚያው ሰሞን አዲስ ምሩቅ ተቀጥሮልን ነበር። ትጉህ ልጅ ነው፣ ሥራ አይጠላም። የጡረታ መዋጮ እንዲያዘጋጅ ሰጠሁት። ከሠራተኛው 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ ይሰላል፤ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። ልጁ የትራንስፖርት አበሉንም ደምሮ ሠራው። ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቤቱ ተቀምጦ ቁጥሩ ካለፈው ወር ጋር አልገጥም ሲለው ደጋግሞ ደምሯል፣ ቀንሷል፣ ፋይሉን ዘግቶ ከፍቷል። ደውሎ መጠየቅ ፈርቷል። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ ነው» አለኝ በኋላ። ቢሮ ቢሆን ኖሮ ወንበሩን ወደ አጠገቡ ሰው ዘወር አድርጎ «አበሉ ይገባል እንዴ?» ይል ነበር። «አይገባም» ይባልና ያልቃል። አንድ ሰው ሥራ የሚለምደው እንዲህ ነው። ስልክ መደወል ለጀማሪ ከባድ ነገር ነው። ጎን ለጎን ተቀምጦ መጠየቅ ግን ማንንም አያስፈራም።

ሌላው ፈተና ማኅተሙ ነው። ይህን ያልቀመሰ የሒሳብ ሰው ያለ አይመስለኝም። ለባንክ ደብዳቤ ትጽፋለህ፣ ትፈርማለህ፣ ስካን ታደርጋለህ። ባንኩ ግን ዋናውን ከነማኅተሙና ከነቲተሩ (የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ከሚታተምበት) አምጣ ይልሃል። ማኅተሙ ደግሞ በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ መሳቢያ፣ በአንድ ቁልፍ ነው ያለው። ኢንተርኔቱ ቢሠራ፣ መብራቱ ባይጠፋ እንኳ ማኅተሙ ከመሳቢያው አይወጣም። በዚያ ሰሞን ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ከተማውን አቋርጠን የተገናኘንበት ጊዜ አለ። ይህ የሠራተኛው ስንፍና አይደለም። ወረቀቱ ነው ሰውን ወደ ቢሮ የሚጎትተው።

ከዚያ ገርጂ አካባቢ ቢሮ ተገኘ። ከድሮው ይጠባል። ወንበር ለሁሉም አይበቃም። ስለዚህ ማን ይምጣ፣ ማን ከቤት ይሥራ የሚለው ጉዳይ ተነሳ። ከእሱ ጋር የሲኒየር አካውንታንት ቦታ ክፍት ሆነ። ስብሰባ ተጠራ፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የሰው ኃይል ኃላፊውና እኔ።

ቀላል ነው ብዬ ነበር የገባሁት። ጀማሪዎቹ ቢሮ ይቀመጡ፣ ሥራውን የለመዱት ከቤት ይሥሩ፣ ሲኒየር ደግሞ ይህች ልጅ ትሁን አልኩ። የወራቱን ማስታረቂያ አቀረብኩ። ሁለቱን ፎቶዎችም አትሜ ከላይ አደረግኳቸው። ሥራ አስኪያጁ አንድ በአንድ ገለጠው። አልቸኮለም፣ ይህን አልክደውም። ከዚያ ፋይሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገና፦

«ጎበዝ ናት። ሥራዋን አይቻለሁ። እሷን ግን አላየኋትም» አለ።

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም።

«እሷን ማየት ለምን ያስፈልጋል?» አልኩት።

«ሲኒየር የማደርገውን ሰው ማወቅ አለብኛ! ስጠራው አቤት የሚለኝ ሰው ነው የምፈልገው። ቤት ያለ ሰው ሥራ ላይ ይሁን እንቅልፍ ላይ በምን አውቃለሁ?»

የሰው ኃይል ኃላፊው ጣልቃ ገባ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ሠራተኛ በቤቱ ሆኖ፣ አሠሪው በቀጥታ ሳይቆጣጠረው የሚሠራበትን ውል ያውቃል፣ በጽሑፍ እናድርገው ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ግን «ስለ ሕግ አላወራሁም» አለው።

ያኔ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። እንዲህ አልኩት፦

«እርስዎ ጓንግዡ ሲሄዱ ለሳምንታት አናይዎትም። ክፍያ በስልክ ያጸድቃሉ፤ ዕቃ በዊቻት ያዝዛሉ። አንድ ቀን ሥራ ቆሞ ያውቃል? ድርጅቱን እየመሩት ያሉት እኛ ሳናይዎት አይደለም?»

መነጽሩን አወለቀ። «እኔን ከእሷ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?»

«ሥራን ከሥራ ጋር ነው ያወዳደርኩት።»

«እኔ የራሴን ገንዘብ ነው የምጠብቀው። እሷ የማንን ትጠብቃለች?»

«የእርስዎን! ሁለት ጊዜ የወጣውን ያስመለሰችው እሷ ናት።»

ማንም አልተናገረም። የሰው ኃይል ኃላፊው ማስታወሻ ደብተሩ ላይ አቀረቀረ። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን መልሶ አደረገና «በቃ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለ።

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። የተሾመው ወጣት ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ግን የሥራ አስኪያጁ በር ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። አሥር ሰዓት ላይ ማኪያቶ ሲጠጣ አብሮት ይወርዳል። ስለ ኤልሲም (ባንክ ለአስመጪ ስለሚከፍተው የክፍያ ዋስትና)፣ ስለ ዶላሩም፣ ስለ ኳሱም እዚያ ይወራል። እኔ ለወራት በፋይል ያቀረብኩትን ሁሉ አንድ ማኪያቶ በለጠው። የሚያናድደኝ ይህ ነው። የተመረጠው ሰው ሥራ አልተመዘነም፤ የሷም ተገለጠ እንጂ አልተመዘነም።

ማታ ደወልኩላት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔ ትስማው ብዬ ነው። ትንሽ ዝም አለች። ከጀርባ የልጁ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ «ልምጣ እንዴ?» አለችኝ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ሥራ የሚመዘነው በወንበር አይደለም ብዬ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። አሁንም የማምነው እሱን ነው። ግን ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ የቤት ኪራዩም፣ የወተቱም ዋጋ የኔን እምነት አይጠብቅም። «ነይ» አልኳት። «በሳምንት ሁለት ቀን ነይ። ወንበር እኔ አዘጋጅልሻለሁ፤ ከበሩ አጠገብ።»

መጣች። እናቷ ከክፍለ ሀገር መጥተው ልጁን ይይዙላታል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ቢሮ የምትሠራው፣ ቤቷ ሆና በአንድ ማለዳ ከምትጨርሰው አይበልጥም። መንገዱ ይበላታል፤ ሰው እየመጣ ያናግራታል፤ አታሚው ወረቀት ሲነክስም የምትጠራው እሷ ናት። ሥራ አስኪያጁ ግን አሁን ስሟን ያውቃል። «ልጅሽ እንዴት ነው?» ይላታል ሲያልፍ። በቅርቡ አስጠርቶኝ «ያቺ ልጅ እኮ ጎበዝ ናት» አለኝ፣ እኔ ነግሬው የማላውቀውን ነገር እንደሚያበስረኝ ሁሉ። ማስታረቂያዋ ያው ነው። ቀይ እስክሪብቶዋም ያው ነው። የተለወጠው እሱ የሚያይበት ቦታ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልጠብቀው መጣ። ያ አዲሱ ምሩቅ እሷ በምትመጣባቸው ቀናት ወንበሩን እየጎተተ አጠገቧ ይቀመጣል። ያልተመነዘረ ቼክ እንዴት እንደሚለይ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ የት እንደሚመዘገብ ከእሷ ይማራል። ባለፈው ወር የጡረታውን ሠርቶ ሲያመጣልኝ የማርመው ነገር አላገኘሁም። ስለዚህ መምጣቷ ከንቱ ነው አልልም። ለዚህ ሥራ ግን የሚከፍላት የለም። ማስተማሯ በየትኛውም የሥራ መዘርዝር ላይ አልተጻፈም፤ ሥራ አስኪያጁም እሱን አይቶ አይደለም ጎበዝ ያላት።

አሁን የማደርገውን አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ዕድገት መመዘኛ በጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ። ወሩ በስንተኛው ቀን ተዘጋ፣ ስንት ስህተት ተመለሰ፣ ስንት ብር ከመጥፋት ዳነ፣ ስንት ጀማሪ ሥራ አሳየ። የት ተቀምጦ ሠራ የሚል ረድፍ የለውም። የሰው ኃይል ኃላፊው አይቶ ፈርሞበታል። ሥራ አስኪያጁ «ከጓንግዡ ስመለስ አየዋለሁ» ብሎ ሄዷል። በየሰኞው በዊቻት አስታውሰዋለሁ። ሐምሌ ሳይገባ ፊርማውን እፈልጋለሁ፤ እዚያው ሆኖ ቢፈርምም ለእኔ ያው ነው።