ክረምቱን ልጆቼ ቤት ናቸው

ሰኔ 30 ካለፈ ጀምሮ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ልጆቹን ሰመር የት አስገባሻቸው?» የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርቱን ማለታቸው ነው። ደረጃ ላይ ይጠይቁኛል፣ ስልክ ላይ ይጠይቁኛል፣ አራስ ጥየቃ የመጣ ሰው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ገንፎውን ሳይጨርስ ይጠይቀኛል። የትም አላስገባኋቸውም። ቤት ናቸው፣ አራቱም።

አንዳንዱ ሰው ብር አጥሮን ይመስለዋል። ብሩም አንድ ነገር ነው። የማጠናከሪያው፣ የሰርቪሱ፣ የምሳው ለሦስት ልጅ ሲደመር ቀላል አይደለም። ግን ብሩ ቢተርፈንም አላስገባቸውም ነበር። ልጅ ከመስከረም እስከ ሰኔ በጠዋት ከእንቅልፉ ይቀሰቀሳል፣ ሰርቪስ እንዳያመልጠው ዳቦውን በእጁ ይዞ ደረጃ ይወርዳል፣ ማታ ሲመለስ ሆምወርክ ይጠብቀዋል። ወንድምና እህት በአንድ ጣሪያ ስር እየኖሩ በደንብ የሚተያዩት እራት ላይ ነው፣ ያውም እንቅልፍ እያንገላጀጃቸው። ክረምቱንም ለየክፍላቸው በትነን ብናስቀምጣቸው እርስ በርስ የሚተዋወቁት መቼ ነው? እኔና ባለቤቴ ደጋግመን ያወራነው ይኼንን ነው። ሂሳብም እንግሊዝኛም መስከረም ላይ ይመጣል። አሁን ጊዜው የእነሱ ነው።

የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ ሁለት መኝታ። ትልቋ 10 ዓመቷ ነው። ተከታይዋ ወንድ ነው፣ 7 ዓመቱ። ማሙሽ 4 ዓመቱ ነው። ሚሚ ደግሞ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ተወለደች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለወላድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። የእኔ 90 ቀን ከክረምቱ ጋር ገጠመልኝ፣ ጳጉሜ ላይ ያልቃል። ለአባት ግን በዚሁ አዋጅ የተፈቀደው 3 ቀን ነው። በ3 ቀን ውስጥ ሚስት ከሆስፒታል ወጥታ ደረጃውን በእግሯ ወጥታ አልጋዋ ላይ በደንብ ሳትጋደም ባልየው ሥራ ይገባል። ባለቤቴ ሚሚን ታቅፎ ሳይጠግብ ነው የሄደው። ይኼ ነገር መስተካከል አለበት ብዬ ከልቤ አምናለሁ፣ ለእናቲቱ ብቻ ሳይሆን ለአባትየውም ለልጆቹም ሲባል። እኔ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣችልኝ። እናት የሌላት፣ ወይ እናቷ ሩቅ ያለችባት ሴትስ?

ቀኑ የሚጀምረው በውሃ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፣ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ባለቤቴ ተነስቶ በርሜሉንና ጀሪካኑን ይሞላል። ጠዋት ላይ ልጆቹ ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ የሚሆነውን ወደ ባዶ ሃይላንድ ይገለብጣሉ፣ ሥራው የእነሱ ነው። ተከታዩ ማንቆርቆሪያውን ይይዛል፣ ማሙሽ ክዳን ይከድናል። ወለሉ ይረጥባል፣ ከዚያ ይወለወላል። ትልቋ ምስር ትለቅማለች፣ ተከታዩ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ ማሙሽ ካልሲ ያጣምራል። እናቴ መጀመሪያ ላይ «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» ብላ ነበር። ተከታዩ ግን ከጓዳ የሚወጣ ልጅ አይደለም፣ ማማሰያ መያዝ ይወዳል፣ ጨው ስንት እንደሚገባ ይጠይቃል። አሁን «ና እስቲ ይቺን ያዝልኝ» የምትለው ራሷ ናት።

ስለ ትልቋ አንድ ነገር ልበል። ሊጠይቀኝ የሚመጣ ሰው ሁሉ አገጯን ይዞ «አንቺ እኮ ሁለተኛ እናት ነሽ» ይላታል። በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። እኔ ግን አልወደውም። 10 ዓመቷ ነው። ሚሚን ማቀፍ ስለምትወድ ታቅፋታለች፣ ሲደክማት ታስቀምጣታለች። ዳይፐር እንድትቀይር፣ ወንድሞቿን እንድታበላ፣ ማሙሽ ሲወድቅ እንድትጠየቅ አላደርግም። ብዙ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ ልጅነቷን ለታናናሾቿ ስትከፍል ያየሁት ከአንድ ቤት በላይ ነው። እነዚያ ሴቶች ዛሬ ትልልቅ ሆነው ሱዚ ተጫውተው እንደማያውቁ ያወራሉ። ስለዚህ ጠዋት ዝናብ ከሌለ ከሁሉ በፊት ወደ ውጪ የምትወጣው እሷ ናት። ምስሩ ይደርሳል።

ሐምሌ ልብስ የሚደርቅበት ወር አይደለም። ቀን ቀን ለሚሚ ጨርቅ ነው የምናደርግላት፣ ዳይፐር የምናደርግላት ማታ ብቻ ነው። ጨርቁ ታጥቦ በረንዳ ላይ ይሰጣል፣ ደመናው ሲመጣ ይሰበሰባል፣ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ላይ ይሰጣል፣ እሱም አልሆን ሲል በካውያ ይደርቃል፣ ያውም መብራት ካለ። ልጆቹ ገመዱ ላይ አንሶላ ጥለው ከስሩ ቤት ሠርተዋል። እቃ እቃ ይጫወታሉ። ትልቋ ባለሱቅ ናት፣ ተከታዩ ሹፌር ነው፣ ማሙሽ አንዴ ውሻ ነው አንዴ ዶክተር። እንግዳ ሲመጣ ገመዱን ላወርደው እችላለሁ፣ ግን አላወርደውም። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ይጣላሉ ወይ? በደንብ ነዋ። መስኮቱ ጋ ማን ይቀመጥ፣ የእንቁላሉን አስኳል ማን ይብላ፣ ሚሚ መጀመሪያ የሳቀችው ለማን ነው። ይኼ የመጨረሻው እስካሁን አልተፈታም። ማሙሽ እየሮጠ ይመጣና «እማዬ፣ እዪው!» ይላል። ደም ከሌለና የተሰበረ ነገር ከሌለ አልዳኝም። «ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ ንገሩኝ» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሳይነግሩኝ ይረሱታል። ትልቋና ተከታዩ በትምህርት ወቅት ሰላምታ እንኳን አይለዋወጡም ነበር ማለት ይቻላል። አሁን የራሳቸው ቀልድ አላቸው፣ እኔ የማይገባኝ፣ አንዷ አንድ ቃል ስትል ሌላው መሬት ላይ ተንከባሎ የሚስቅበት። እኔ ለዚህ ነው ቤት ያስቀረኋቸው።

መብራት የሚጠፋበት ማታ ደግሞ አለ። ቴሌቪዥን የለም፣ የስልኬ ባትሪ ደግሞ ለሌሊት ስለሚያስፈልገኝ አልሰጣቸውም። ሻማ ይበራል፣ እናቴ ጋቢዋን ትዘረጋለች፣ ሁሉም ስሩ ይገባሉ። «እንቆቅልህ!» ትላለች። «ምን አውቅልህ!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው? ወንዝ! ይኼንን ከለመዱት ቆይተዋል። አዲስ ስታመጣባቸው ግን ዝም ይላሉ፣ ከዚያ «ሀገር ስጡኝ» ይመጣል። ድርድሩ ከእንቆቅልሹ ይረዝማል። ተከታዩ ላሊበላን አልሰጥም ብሎ ያለቅሳል፣ በትምህርት ቤት ስለተማረው የራሱ አድርጎታል። ትልቋ ቶሎ ብላ አሜሪካን ትሰጣለች፣ ወንድሟ «አክስታችን እኮ እዚያ ናት!» ብሎ ይጮህባታል። ማሙሽ የሚያውቀው ሀገር አንድ ብቻ ነው። «ደብረ ብርሃንን ውሰጂ» ይላታል አያቱን። እሷም «የራሴን ሀገር ለራሴ?» ትለዋለች። ከዚያ ይቺ ሴት ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ፣ ስለ በጎች፣ ስለ እኔ ልጅነት ታወራለች፣ እኔም ያልሰማሁትን ነገር ከልጆቼ ጋር አብሬ እሰማለሁ። የትኛው ማጠናከሪያ ነው ይኼንን የሚሰጣቸው?

ሚሚ የስድስት ሳምንት ክትባቷን ስትወስድ ሁላችንም ነው የሄድነው። ጃንጥላ፣ አንቀልባ፣ ሦስት ልጅ፣ ጭቃ። ክትባቱ በጤና ጣቢያ በነፃ ነው፣ ወረፋው ግን አለ። ጠብታውን ዋጠች፣ በሁለቱም ጭኖቿ ስትወጋ ሚሚ ትንሽ ጮኸችና ዝም አለች፣ ማሙሽ ግን ለእሷ ብሎ ለረጅም ጊዜ አለቀሰ። ነርሷ እሱንም አቀፈችው። እስከ ዛሬ ሚሚን ሲስማት ጭኗን እየነካ «አሁን ያምሻል?» ይላታል።

ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ገባ። ትልቋና ተከታዩ ከአያታቸው ጋር ቅዳሴ ሄደው ይቆርቡ ነበር። ማንም አላስገደዳቸውም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ስለሚሄድ ቀርተው አያውቁም። ተከታዩ ቆርቦ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። አይሮጥም፣ አይጮህም፣ «አታናግሩኝ፣ ቆርቤያለሁ» እያለ ሶፋ ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ምራቁ እንዳይወጣ አፉን በእጁ ይዞ። ማሙሽ ሊያስቀው ይሞክራል፣ አይስቅም። ይኼ ልጅ ሌላ ጊዜ ለአንድ ደቂቃ እንኳን ቁጭ ብሎ አያውቅም።

ከዚያ ቡሄ። ሙልሙሉን እናቴና ተከታዩ አብረው ጋገሩት፣ ኮሚናል፣ የነዋሪው የጋራ ማብሰያ ቤት፣ ወርደው። በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ማታ፣ የብሎኩ ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው ከምድር ቤት እስከ አራተኛ ፎቅ «ሆያ ሆዬ» እያሉ ወጡ፣ ደረጃው በዱላ ምት ተናወጠ፣ ሚሚ ከእንቅልፏ ነቃች። ዛሬ ዛሬ ዳቦ የሚሰጥ ሰው እየቀነሰ ነው፣ ብር ነው የሚሰጠው። እኛ ሁለቱንም ሰጠን። ያገኙትን ብር ምድር ቤት ቁጭ ብለው ሲካፈሉ «ማሙሽ ትንሽ ስለሆነ ግማሽ ድርሻ ይበቃዋል» ሲባል ተከታዩ እንቢ አለ። «ከእኔ ጋር እኩል ነው የጮኸው» አለ። ይኼን የነገረችኝ ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት። እሱ ራሱ አልነገረኝም። እኔ ደግሞ እንደሰማሁ አልነገርኩትም፣ ግን ማታ እራት ላይ ደህና አድርጌ አጎረስኩት።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት» ይባላል፣ ደመናው ግን እኛ ሰፈር ገና አልሰማም። ከፊታችን የሚሚ ክርስትና አለ፣ ሴት ስለሆነች በ80 ቀኗ ነው የምትነሳው። ከዚያ ጳጉሜ 3፣ ሩፋኤል። ልጆቹ ከአሁኑ ዝናብ ይዘንብ ዘንድ እየለመኑ ነው፣ የዚያን ቀን ዝናብ ስር ወጥቶ መታጠብ የተፈቀደ ስለሆነ። ማሙሽ ረጅም ለመሆን ቆርጧል። ከዚያ ትልቋ ለአበባየሆሽ ጓደኞቿን እያደራጀች ነው፣ ከበሮውን ማን ይምታ የሚለው ላይ ስብሰባ በየቀኑ አለ።

ልጅን ቤት ማስቀረት ግን ቤት ውስጥ መቆለፍ ከሆነ ሰመር ይሻላቸዋል። እዚህ ላይ የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ከብሎካችን ፊት ያለችው ክፍት ቦታ ስንገባ የልጆች ነበረች። ሰኞ ማክሰኞ በጠመኔ ይሰመርባት ነበር፣ ብይ ይጫወቱባት ነበር። አሁን መኪና ሞልቷታል። ኳስ መስታወት ነካ ተብሎ ልጅ ይገሰጻል፣ ኳሱ ይቀማል። መኪና ያለውን ሰው አልወቅስም፣ ማቆሚያ ያስፈልገዋል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ ልጆቹ ውጪ መጫወት የሚችሉት ጠዋት ነው፣ ጠዋት ደግሞ ብዙው መኪና ሥራ ሄዷል። የሚቀሩት ጥቂት ናቸው።

ይኼንን ባለፈው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሚሚን ታቅፌ ተነስቼ ተናገርኩ። አንድ ሁለት ሰው አጉረመረመ። የሚበዛው ግን ልጅ ያለው ሰው ነው፣ ተስማማ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የቀሩት መኪኖች በአጥሩ በኩል ተጠግተው እንዲቆሙና መሐሉ ለልጆች እንዲለቀቅ፣ እስከ ትምህርት መክፈቻ እንዲሞከር ተባለ። እየሠራ ነው። ትናንት ትልቋ ሱዚ ስትዘል በረንዳ ላይ ቆሜ አየኋት፣ ወገብ ላይ ደርሳለች።

ቀጣዩ ስብሰባ ጳጉሜ ላይ ነው። እዚያ የምጠይቀው በትምህርት ወቅትም ቅዳሜና እሁድ ጠዋት እንዲቀጥል ነው። በሌላ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ሰዎች፣ የእናንተ ብሎክ ይኼን ጉዳይ እንዴት እንደፈታው ጻፉልኝ። ይዤው እገባለሁ።