ፍልሰታ በሚኪ ማውስ አገር

የእህቴ ልጅ ተወልዶ ያደገው ሜሪላንድ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላው ፍልሰታን እስከ መጨረሻው እጾማለሁ ብሎ ተነሣ። ማንም አላስገደደውም፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጾመው አብረው እንደሚቆርቡ ሰምቶ ነው። ችግሩ የቤተሰቡ የዕረፍት ጉዞ ቀደም ብሎ የተያዘ መሆኑ ነበር። ወደ ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ልንሄድ ነው፤ ቀኑም ጾሙ መሀል ላይ ወደቀ። ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በፈረንጆቹ ከኦገስት 7 እስከ 21፣ የሜሪላንድ ልጆች ትምህርት ሳይጀመር ከወላጆቻቸው ጋር የሚጓዙበት ጊዜ ነው።

እህቴ «ልጅ ነው፣ መንገደኛም ነው፤ ስንመለስ ይቀጥላል» አለች። ከአዲስ አበባ ልጠይቃቸው የሄድኩ እንግዳ ስለሆንኩ በቤታቸው ጉዳይ ብዙ መናገር አልፈለግሁም ነበር። የልጁ ዓይን እንባ ሲያቀር ሳይ ግን አላስቻለኝም። «እታለም፣ የምግቡን ነገር ለእኔ ተይው» አልኳት። እኔም ጿሚ ነኝ፤ ለራሴ ከምፈልገው ለሱም ይደርሰዋል።

የሚያስጨንቀኝ መራቡ አልነበረም። ውጭ አገር የሚጾም ሰው ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የተጠበሰ ድንችና ቅጠል ነው። ትልቅ ሰው ይህን ችሎ ያልፈዋል። ልጅ ግን ሌሎቹ እየሳቁ ሲበሉ እሱ ዳር ቆሞ ድንች ሲቆረጥም ከዋለ፣ ጾም ማለት ይኸው ነው ብሎ ይይዘዋል። እኛ በልጅነታችን ፍልሰታን የወደድነው እናቶቻችን ስልጆውን፣ ሽሮውን፣ የሱፍ ፍትፍቱን አጣፍጠው ስለሚጠብቁን ነው። ስለዚህ ለልጁ በየቀኑ የሚጓጓለት ምግብ ማግኘት ነበረብኝ።

ዲዝኒ ወርልድ አንድ ግቢ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ቦታ ነው፤ ውስጡ አራት ትልልቅ የመዝናኛ ፓርኮች፣ ብዙ ሆቴሎችና ለቁጥር የሚያታክቱ ምግብ ቤቶች አሉ። ለጿሚ ነገሩን ያቀለለው ከ2019 ጀምሮ በምግብ ዝርዝሩ ላይ የሚታተም አረንጓዴ የቅጠል ምልክት ነው። ምልክቱ ያለበት ምግብ ሥጋ፣ የወተት ተዋጽኦ፣ እንቁላልና ማር የለበትም። ማር በእኛ ቤት በጾም ስለማይከለከል የምልክቱ ደንብ ከእኛ ይልቅ ይጠብቃል ማለት ነው። ዝርዝሩ ሁሉ በፓርኩ የስልክ አፕ ላይ ስለሚገኝ፣ ገና ሜሪላንድ ሳለን ከልጁ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብለን በየፓርኩ የምንበላውን መረጥን። ይህን ለሚጾም ልጅ ወላጅ ሁሉ እመክራለሁ። ልጁ ምግቡን በሥዕል አይቶ ራሱ ስለመረጠ ከጉዞው በፊት ስለ ጀልባውና ስለ ሮኬቱ እንደሚያወራው ስለ ምሳውም ያወራ ጀመር።

በሻንጣችን ዳቦ ቆሎ፣ የገብስ ቆሎ፣ ቴምርና በሶ ያዝን። ወደ ፓርኮቹ የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የማይፈቀደው የብርጭቆ ዕቃና አልኮል ነው። ሻንጣ ፈታሹ የቆሎውን ከረጢት አንሥቶ አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ልጁ ፈጠን ብሎ «የተቆላ ገብስ ነው፣ አክስቴ ናት ያመጣችው» አለው። አሳለፈን። ይህ ስንቅ ባይኖር ኖሮ ጠዋት ጠዋት እንቸገር ነበር። ባረፍንበት ሆቴል የቁርስ አዳራሽ አጃው በወተት ተፈልቶ ነበር የሚቀርበው፤ ቂጣ የሚመስለውም ሁሉ ቅቤ ነበረበት። ደግነቱ ቁርስ ብዙም አያስፈልገንም። የቤተሰቡ የንስሐ አባት ለልጁ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃዋል ብለውታል። እኔም መንገድ ላይ ስለሆንኩ ከእሱ ጋር ልገድፍ ወሰንኩ።

የጾሙ ሰዓት ከፓርኩ ጋር እንዲህ ይስማማል ብዬ አላሰብኩም ነበር። በሩ ሲከፈት ፀሐይዋ ገና አልበረታችም፤ የየመጫወቻው ሰልፍም አጭር ነው። ሌላው ሰው ቁርስ ፍለጋ ሲል እኛ ቀጥታ ወደ ጨዋታው ሄድን። ቀትር ላይ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆንና እርጥበቱ ልብስን ከገላ ሲያጣብቅ፣ እኛ ደግሞ ወደ ቀዝቃዛው ምግብ ቤት እንገባለን። ምግቡን በአፑ አስቀድመን እናዝዛለን፤ ቀትር ላይ ሰልፍ ቆሞ ማዘዝ ለጾመ ልጅ ከባድ ነው። ፈጣን ምግብ የሚሸጥበት ባንኮኒ ሁሉ በረዶ ያለው ውኃ ለጠየቀ በነጻ ይሰጣል። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱና ዝናቡ ይመጣል፤ በፍሎሪዳ ክረምት ይህ የተለመደ ነው።

ከአራቱ ፓርኮች አንዱ ወደሆነው ማጂክ ኪንግደም የገባነው በመርከብ ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ሐይቁን ተሻግሮ በሩ ላይ ያደርሳል። እዚያ በጣም የፈራሁት አይስክሬሙን ነበር። የሚኪን ጆሮ የያዘው፣ ቸኮሌት የተቀባው አይስክሬም በየመንገዱ በጋሪ ይሸጣል፤ ወተት ነው። የእህቴ ባል ለትንሿ ልጁ ገዛላት። ታላቅዬው አየና ፊቱን አዞረ። ያኔ «ና፣ የእኛው ወዲያ ነው» ብዬ እጁን ይዤ አድቬንቸርላንድ ወደሚባለው ክፍል፣ አሎሃ አይል ወደተባለች ሱቅ ወሰድኩት። እዚያ ዶል ዊፕ የሚባል ከአናናስ የሚሠራ እንደ አይስክሬም የተጠቀለለ ነገር አለ። ወተት የለውም። ከቫኒላ ጋር የሚቀላቀለው ግን ወተት ስላለው «አናናሱን ብቻ» ብሎ አጥብቆ ማዘዝ ያስፈልጋል። ከአናናስ ጭማቂ ጋር በትልቅ ኩባያ ሰጡን። ልጁ አንድ ጊዜ ቀመሰና ዝም አለ፤ ቀጥሎ እህቱን ጠርቶ «ነይ ቅመሺ፣ የኔ ይበልጣል» አላት። እሷም የሱን ስትፈልግ የራሷ ቀለጠባት። የዚያን ቀን የነበረኝ ደስታ ልነግራችሁ ከምችለው በላይ ነው።

የተጠበሰ ነገር ለሚፈልግ አንድ ነገር ልጨምር። ድንች ራሱ ጾም ቢሆንም ዶሮ በተጠበሰበት ዘይት የሚጠበስ ከሆነ ብዙዎቻችን አንበላውም። የቅጠሉ ምልክት የሚናገረው ስለ ምግቡ ይዘት ነው፤ ስለ መጥበሻው መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። ስንጠይቅ አንድም ቀን ፊታቸውን ያጠቆሩብን የለም። ባንኮኒ ላይ ያለው ሠራተኛ ካላወቀ ኃላፊውን ይጠራል።

የጉዞው ትልቁ ምሳ አኒማል ኪንግደም ውስጥ ነበር። ይህ ፓርክ በ1998 የተከፈተ ሲሆን ከነአንበሳው፣ ከነዝሆኑ እውነተኛ እንስሳት ይኖሩበታል። ለእንስሳቱ ደኅንነት ሲባል የፕላስቲክ መምጠጫና የኩባያ ክዳን አይሰጥም፤ ፊኛም አይሸጥም። ፓንዶራ በሚባለው ክፍል፣ ሳቱሊ ካንቲን የተሰኘ ሰፊ ምግብ ቤት አለ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በሳህኑ ሥር የሚሆነውን ትመርጣለህ፣ ከላይ የሚሆነውን ትመርጣለህ፣ ማባያውን ትመርጣለህ። እኛ ሩዝና ባቄላ አድርገን ከላይ በርበሬ ነክቶት ጥርት ብሎ የተጠበሰ ቶፉ አስደረግን፤ ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ እንደ አይብ ያለ ነገር ነው። ከማባያዎቹ ነጩ የወተት ነገር ስላለበት ትተን የጥቁር ባቄላውን ወሰድን። አዲስ አበባ ቶፉ ቀምሼ አልወደድኩትም ነበር፤ ይህን ግን ጠርጌ በላሁ። እህቴም የዶሮዋን ትታ ከእኛ ሳህን ታነሣ ጀመር።

ከምሳ በኋላ ሐራምቤ ወደሚባለው መንደር ተሻገርን። የኬንያዋን ላሙ እያሰቡ የሠሩት የምሥራቅ አፍሪካ የወደብ ከተማ ነው፤ ግድግዳው የተላጠ፣ ጽሑፉ በስዋሂሊ በእጅ የተቀባ፣ ከበሮውም የሚሰማ። ሠሪዎቹ የተጠነቀቁለት ቦታ እንደሆነ ያስታውቃል፤ እህቴ ግድግዳውን እየዳሰሰች «ሞምባሳ የሄድን ጊዜ ትዝ አለኝ» አለች። ቆሜ ሳየው ግን አንድ ምኞት አደረብኝ። የእኛ ምእመናን ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ቀን ከሥጋና ከወተት ውጭ ሲኖሩ ስንት መቶ ዓመት አለፋቸው። ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ አዚፋ፣ ተልባ በምሥራቅ አፍሪካ ስም በቆመች መንደር ቢሸጡ የቅጠሉን ምልክት ያለ ምንም ለውጥ ያገኛሉ። እኔ በዞርኩባቸው ባንኮኒዎች አላየኋቸውም። አንድ ቀን አንድ የሐበሻ ወጥ ሠሪ እዚያ እንዲቆም ከልቤ እመኛለሁ።

ኤፕኮት በሚባለው ፓርክ ላይ ብዙ አልቆይም። የ11 አገሮች መንደር በሐይቅ ዙሪያ ተደርድሯል፤ ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት። ምግቡ ቁርጥራጭ ነውና እየቀማመሱ ለሚዞሩ ይመቻል፤ ለጾመ ልጅ ግን የሚያጠግብ ሳህን ይሻላል። ልጁ ከሁሉ የወደደው በጀልባ እየተሄደ የሚጎበኘውን የአትክልት ቤት ነው። ቲማቲሙና ዱባው ያለ አፈር፣ ሥሩ ውኃ እየተረጨበት ያድጋል፤ ከምርቱም ለፓርኩ ምግብ ቤቶች ይሄዳል።

ነሐሴ 13፣ የደብረ ታቦር ቀን፣ ኦርላንዶ ላይ አገኘን። ለዚያ ምሽት ሰናአ የሚባለውን ምግብ ቤት ቀደም ብለን አስይዘን ነበር። የሚገኘው አኒማል ኪንግደም ሎጅ፣ ኪዳኒ ቪሌጅ ውስጥ ሲሆን በመስኮቱ ቀጭኔና የሜዳ አህያ ሲግጡ ይታያሉ። ሥራው የአፍሪካን አበሳሰል ከሕንድ ቅመም ማጣመር ነው። የሚታወቀውም በዳቦው ነው፤ የተለያየ ናን ከብዙ ዓይነት ማባያ ጋር በአንድ ላይ ይመጣል። የማንጎ፣ የድንብላል፣ የቲማቲምና የቴምር፣ የነጭ ሽንኩርት፣ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ የሽምብራም አለ። ጿሚዎች መሆናችንን ስንናገር ሼፉ ራሱ ከወጥ ቤት ወጥቶ ጠረጴዛችን ድረስ መጣ። ወተት የገባባቸውን ዳቦዎችና የእርጎውን ማባያ አስቀርቶ በሌላ ተካልን። ሲቀርብ በየዓይነቱ ትሪ ላይ ያለን መሰለን፤ ሁላችንም ከአንድ ቦታ እየቆረስን፣ አንዱ የሌላውን ማባያ እያጠቀሰ።

እናታችን ከአዲስ አበባ ደውላ ነበርና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁመን አሳየናት። «የኔ ጌታ፣ ጾምክልኝ? ሙልሙል ማን ሰጠህ?» አለችው። ልጁ ትኩሱን ዳቦ ወደ ስልኩ አስጠግቶ «አያቴ፣ ይኸውልሽ ሙልሙል!» አላት። ከዚያ ተነሥቶ በሰንበት ትምህርት ቤት የተማረውን የቡሄ ጨዋታ በግማሽ አማርኛ፣ በግማሽ እንግሊዝኛ ማሰማት ጀመረ፤ በዱላ ፈንታ የውኃ መምጠጫውን ወለሉ ላይ እየመታ። አስተናጋጇ ምን እንደሆነ ጠየቀችን። የልጆች በዓል እንደሆነ፣ ልጆች በየቤቱ እየዘፈኑ ዳቦ እንደሚሰጣቸው ነገርናት። ወደ ወጥ ቤት ገብታ ተጨማሪ ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችለትና «አልጨረስክም፣ ቀጥል» አለችው።