የጎጃሙ ዶሮ

የማልረሳው ጣቴን ነው። ሌላውን ሁሉ እንደምንም እየረሳሁት ነው፣ ጣቴን ግን አልቻልኩም። ሌሊት እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ድንገት ትዝ ይለኝና ትራሱን እነክሳለሁ። ሌባ ጣቴን ወደ ሰርቪሱ ጣሪያ ቀስሬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ለአሥራ ምናምን የሥራ ባልደረባ «አሁን! ዝም በሉ፣ አሁን ይመጣል!» እያልኩ።

የሚመጣው ዶሮ ነበር። አልመጣም።

ሚያዝያ 2009 ነው። ቴዲ አፍሮ «ጥቁር ሰው» የተባለ አልበሙን በ2004 ካወጣ አምስት ዓመት ሆኖታል። በመሀል ነጠላ ዜማ ጣል ጣል አድርጎልናል፣ ግን ነጠላ ዜማ ለተራበ ሰው እፍኝ ቆሎ ነው። ሊወጣ ነው ይባላል፣ አይወጣም። ለገና ነው ይባላል፣ ገና ያልፋል። በመጨረሻ ፋሲካም አለፈና ማክሰኞ ሚያዝያ 24 «ኢትዮጵያ» ወጣ። የዚያን ሰሞን አዲስ አበባ የነበረ ያውቀዋል። ከታክሲ ወርደህ ካፌ ስትገባ ዘፈኑ ካቆመበት ይቀጥልልሃል። ከካፌ ወጥተህ ሥጋ ቤት በር ላይ ስትደርስ ደግሞ አዝማቹ ጋ ይጠብቅሃል።

እኔ ግን ኦሪጅናል ሲዲ ገዝቼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ በሥርዓት ነው የምሰማው ብዬ ምዬ ነበር። «የሰው ላብ ነው፣ ኮፒ አንግዛ» እያልኩ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ሳስተምር ነው የከረምኩት። ሙዚቃ ቤት ስሄድ «አልቋል፣ ነገ ና» አሉኝ። ሁለተኛው ጋም አልቋል። ሦስተኛው ጋ ተሰልፌ ተራዬ ሊደርስ አራት ሰው ሲቀረኝ አለቀ። መሐላዬ እስከዚያ ድረስ ነው የቆየው።

ሰፈራችን «ሙዚቃ እንጭናለን» የሚል ካርቶን የለጠፈ ልጅ አለ። ፍላሼን አውጥቼ፣ ሰው እንዳያየኝ ወዲያ ወዲህ ብዬ፣ «ኦሪጅናል ነው?» አልኩት።

«ፋዘር፣ ንጥር ነው» አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ሠላሳ አንድ! እሱ ራሱ ጢም አለው። የትኛውን ልጄን አይቶ ነው ፋዘር የሚለኝ? ፀጉሬ ከፊት ትንሽ ሳሳ ማለቱን አልክድም፣ ግን ያ በዘር ነው። ይህች «ፋዘር» የምትባል ነገር በዚች ከተማ ሰውን ያለ ዕድሜው እየቀበረች ነው፣ ማንም ምንም አይልም። ለማንኛውም ከፈልኩትና ሄድኩ።

ማታ መብራት አጥፍቼ፣ ኢርፎኔን ሰክቼ ጀመርኩ። ድምፁ ትንሽ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። እኔ ደግሞ ይህ አዲስ አቀናባበር ነው፣ ጥንታዊ ስሜት ለመስጠት ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብዬ ተቀበልኩት። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣን ሰው እንዲህ ነው የምትሰማው። ቢያስነጥስም ምሥጢር አለው ትላለህ።

«ማር እስከ ጧፍ» ላይ ደረስኩ። የሐዲስ ዓለማየሁን የጎጃም ልቦለድ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዞ የተሠራው ነው። 2 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ላይ ሙዚቃው ላላ ሲል፣ ከሩቅ፣ ኩኩሉ።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። መለስኩት። ኩኩሉ። አንዴም ሁለቴም መለስኩት። ልክ እዚያው ቦታ፣ አንዲት ሰከንድ አይዛነፍም። ፀጉሬ ቆመ። (የቀረው።) ጎጃም ታየኝ። ንጋት፣ ጭስ፣ እርጥብ አፈር፣ በሩቅ የሚጮህ ዶሮ። ይህ ሰው አምስት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደነበር ያን ሌሊት ገባኝ። ዶሮ ሲመርጥ ነበር!

ግን ዶሮ ብቻ ብዬ አልተውኩትም፣ ጥፋቴም ይሄ ነው። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አሰብኩ። የመጽሐፉ በዛብህ የስለት ልጅ ነው፣ እናቱ ለቤተ ክርስቲያን የሰጠችው። ሰብለን ሲወድ ስለቱን ካደ። ማን ካደ? ጴጥሮስ። ጴጥሮስ ሲክድ ምን ጮኸ? ዶሮ! ወገን፣ አሁን ስጽፈው ራሱ ያሳምነኛል። መጽሐፉን እኮ አላነበብኩትም። በሬዲዮ ሲተረክ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የማውቀው፣ እሱንም ግማሹን እንቅልፍ ወስዶኝ።

በማግስቱ የአራት ሰዓት ቡና ላይ ቢሮው ለሁለት ተከፍሎ ጠበቀኝ። ግማሹ ከወዲሁ በቃሉ ይዘምራል። ግማሹ «እንደ ጥቁር ሰው አይሆንም» ይላል። እነዚሁ ሰዎች ጥቁር ሰው ሲወጣ «እንደ ያስተሠርያል አይሆንም» ብለው ነበር። ያስተሠርያል በ1997 ሲወጣ አብሬያቸው አልነበርኩም እንጂ «እንደ አቡጊዳ አይሆንም» ሳይሉ አልቀሩም። አንዱ ደግሞ አጼ ቴዎድሮስን ለምን አነሳ ይላል፣ ሌላው ለምን አያነሳም ይላል። ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነው፣ ፖለቲካ ጮክ ብሎ አይወራም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ስለ ዘፈን እያወራ ፖለቲካውን ይወጣ ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ስለ ዶሮ ያወራሁት።

«ሁላችሁም ላዩን ነው የሰማችሁት» ብዬ ጀመርኩ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ማወቅ ነበረብኝ። ዶሮውን ነገርኳቸው። ስለቱን፣ ክህደቱን፣ ጴጥሮስን አያያዝኩላቸው። ቡና የምታፈላው ልጅ ራሷ ስኒ ይዛ ቆመች። አለቃችን መነጽራቸውን አወለቁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ንባብ ይወዳሉ።

«ሐዲስ ዓለማየሁን አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይሄ ግን አልመጣልኝም።»

በዚያች ቅጽበት የደመወዝ ጭማሪ ታየኝ።

የሒሳብ ክፍሏ እትዬ ብቻ ናቸው ያልተዋጠላቸው። ኦሪጅናሉን በመጀመሪያው ቀን የገዙ እሳቸው ናቸው። «እኔ ዶሮ የሚባል አልሰማሁም» አሉ።

«እትዬ፣ በምን ነው የሰሙት?»

«ቤት፣ በቴፑ።»

«እሱማ በቴፕ አይያዝም» አልኳቸው፣ በአዘኔታ። አዎ፣ በአዘኔታ! «ረቂቅ ነው። ጥሩ ኢርፎን ይፈልጋል። ጆሮም ይፈልጋል።»

ጆሮም ይፈልጋል አልኩ። ለእናቴ እኩያ።

ረቡዕ እንዲህ አለፈ። ሐሙስ ጠዋት አለቃችን ስብሰባ ላይ ለሌላ ክፍል ኃላፊዎች «እኛ ዘንድ አንድ ልጅ አለ» ብለው ዶሮዬን እንደተረኩላቸው ሰማሁ። ዶሮው ከእጄ ወጥቶ ፎቅ ለፎቅ መዞር ጀምሯል። የንብረት ክፍል ሰዎች ኮሪደር ላይ አስቁመውኝ «ለምን ዶሮ ሆነ፣ ለምን አህያ አልሆነም?» ብለው ጠየቁኝ። ለእሱም መልስ ነበረኝ።

ሐሙስ ማታ ሰርቪስ ውስጥ ገባን። እትዬ ቦርሳቸውን ከፍተው ሲዲውን አወጡና ምንም ሳይናገሩ ለሹፌሩ ሰጡት። አለቃችንም የዚያን ቀን መኪናቸው ጋራዥ ገብታ ከእኛ ጋር ነበሩ። መኪናቸው ከዚያ በፊት ተበላሽታ አታውቅም፣ ከዚያ በኋላም አልተበላሸችም።

«ማር እስከ ጧፍ» ሲጀምር ሰርቪሱ ጸጥ አለ። አስተናጋጁ እኔ ነኝ። «ገና ነው» እላለሁ። «ይሄኛው ስንኝ ይለፍ።» ድምፁ ከወትሮው የጠራና የቀረበ ነው። ልጠራጠር ይገባኝ ነበር፣ ግን የመኪናው ስፒከር ነው ብዬ አለፍኩት። ያቺ ቦታ ስትቃረብ ጣቴ በራሱ ጊዜ ተነሳ። ዓይኔን ጨፈንኩ። «አሁን! ዝም በሉ፣ አሁን ይመጣል!»

ሙዚቃው ላላ አለ። ሙዚቃው ጠነከረ። አለፈ።

ጣቴን ወዲያው ባወርደው ኖሮ ምናልባት ይረሳ ነበር። አላወረድኩትም። ዘግይቶ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩት። ዘፈኑ እስኪያልቅ፣ ከለገሃር እስከ ሜክሲኮ፣ ጣቴ ጣሪያውን እያየ። ሰው ሁሉ ደግሞ ጣቴን እያየ።

በመጨረሻ ሹፌሩ በስፖኪዮ አየኝና «ጋሼ፣ ሜክሲኮ ላይ ወራጅ አለ ብሎ ወርዷል» አለ።

ሳቁን አልገልጸውም። አለቃችን ብቻ አልሳቁም፣ እሱ ነው የባሰው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ ሲዲያቸውን ተቀብለው ወደ ቦርሳቸው ከተቱና «ጆሮም ይፈልጋል» አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቤቴ ገባሁና ኢርፎኔን ሰክቼ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈትኩት። 2 ደቂቃ ከ41። ኩኩሉ። አለ! አላበድኩም! ትንሽ አለፍ አልኩ፣ ከዚያ በፊት አልፌ ሰምቼ የማላውቃት ነገር ከሥር መጣች። የሴት ድምፅ። «እሽ! ምን ሆነህ ነው አንተ? እሽ!» ከዚያ የሳህን ኳኳታ።

ጠዋት ልጁ ጋ ሄድኩ። አላፈረም። «ፋዘር፣ ላፕቶፔ ሲዲ አያነብም። ማዘር ቤት ቴፑ ላይ ከፍቼ በስልክ ነው የቀዳሁት። ዶሮው የማዘር ነው።» ለፋሲካ ተገዝቶ ነበር አለኝ። ከስቷል፣ ትንሽ ይወፍር ብለው አቆዩት። አስቡት እስቲ። ያ ዶሮ እንደ ጓደኞቹ በሥርዓቱ ታርዶ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ምሁር ነበርኩ።

«ገንዘቤን መልስ» አልኩት።

«ዶሮውን ልስጥህ?» አለኝ። የቀለደ አይመስልም ነበር።

በዚያው በግንቦት አልበሙ በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ ተባለ። ቢሮው በደስታ ተንጫጫ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ላጨበጭብ ስል ሹፌሩ «ዶሮ ሳይኖርበት አንደኛ ከወጣ፣ ቢኖርበት የት ሊደርስ ነበር?» አለ። ጭብጨባዬን ወደ ኪሴ መለስኩ። በጥር 2010 ባሕር ዳር ስታዲየም ኮንሰርት ሲደረግ ደግሞ ከንብረት ክፍል የሄደው ልጅ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ደወለልኝ። ምን እንደሚል ምንም አይሰማም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ «ምን?» አልኩት። ለካ «አገሩ ላይ እንኳን አልወጣም!» እያለኝ ነው። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር «ዶሮ ስንት ገባ?» ብሎ የሚደውልልኝ ሰው ብዛት፣ የገበያ ጥናት ላይ የምሠራ ነው የምመስለው።

እትዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። «ምን ገዶኝ» አሉ። ገዷቸዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ኦሪጅናሉን በኋላ ገዛሁት። ጥሩ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ግን ያቺ ቦታ ላይ ስደርስ ይጎድለኛል። ሰው የሚጠብቀው ነገር አለ፣ አይመጣም። ፍላሹን አልጣልኩትም። ማታ ማታ፣ ማንም ሳያይ፣ የዶሮውን ነው የምሰማው። የልጁ ማዘር «እሽ!» ሲሉም አብሬያቸው እላለሁ።

ባለፈው የበዓል ዋዜማ ታክሲ ውስጥ ነኝ። አጠገቤ አንዲት እናት አንድ ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን አስረው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ሹፌሩ «ማር እስከ ጧፍ»ን ከፈተው። ያቺ ቦታ እየቀረበች ስትመጣ ልቤ መምታት ጀመረ። ዶሮውን አየሁት። ዶሮውም በአንድ ዓይኑ አየኝ። ጣቴን በሌላኛው እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት።

ሙዚቃው ላላ አለ።

ዶሮው ዝም።

«ወራጅ አለ» ብዬ ወረድኩ። ሰፈሬ አልደረስኩም ነበር።