ትልቁን ከሰል አትላኩ

ሃዋይ ውስጥ ባለ አንድ ሸለቆ የጥንት የጎደሬ መደብ ስር ቆፍሬ ነበር። እዚያ ጎደሬን ካሎ፣ ውሃ በቦይ የሚገባበትን መደብ ደግሞ ሎኢ ይሉታል። ማወቅ የፈለግኩት ሰው ሸለቆውን ማረስ የጀመረው መቼ እንደሆነ ነው።

ፈቃድ አወጣሁ፣ ቆፈርኩ፣ አፈሩን ነፋሁ። ይህ ሁሉ በሰላም አለፈ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የናሙና ምርጫው ነው።

ከመደቡ የድንጋይ ካብ ስር ሁለት ነገር አገኘሁ። አንዱ አውራ ጣቴን የሚያህል ከሰል ነው። ሌላው ከትንሿ ጣቴ ጥፍር የማይበልጥ፣ የተቃጠለ ኩኩይ የሚሉት ዛፍ ፍሬ ቅርፊት። የጥንት ነገርን ዕድሜ በራዲዮካርበን የሚለካው ላቦራቶሪ መመሪያ «በቂ መጠን ያለው ናሙና ይላኩ» ይላል። ትልቁን ላክኩ። ቅጹ ላይ «ከሰል» ብዬ ሞላሁ። የምን ዛፍ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. 800ዎቹ አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ እንጨቱን ያስመረመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ናሙና ሲለካ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ደግነቱ ቁራሽ አስቀርቼ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኦሂአ ሆኖ ተገኘ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት የሚኖር ዛፍ። ራዲዮካርበን እሳቱ የነደደበትን ቀን አይነግርም። የሚነግረው ያ የግንዱ ክፍል ያደገበትን ዘመን ነው። የሽማግሌ ዛፍ እምብርት ዛፉ ሳይቆረጥ ገና ድሮ አርጅቷል።

ላቦራቶሪውን ለምን አላስጠነቀቃችሁኝም ብዬ ጻፍኩ። «የላኩልንን እንለካለን» አሉ። ይህ መልስ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። በራሴ ግን የበለጠ እናደዳለሁ። እዚያው ሃዋይ ያለው የዋይማናሎ ጥንታዊ ሰፈር በጣም የቆየ ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት ግን ሰው የሰፈረበት ከ1040 እስከ 1219 ባለው ጊዜ ነው ተባለ። ይህን አንብቤ ነበር እኮ!

ከኪሴ ከፍዬ ቅርፊቷን አስለካሁ። 1400ዎቹ አለች። እሷን አምናታለሁ። ፍሬ በአንድ ወቅት አድጎ ይወድቃል። ኩኩይን ወደ ሃዋይ ያመጡት ደግሞ ፖሊኔዥያውያን ስለሆኑ ከሰው ሊቀድም አይችልም።

ስለዚህ መመሪያው ስለ መጠን የሚለውን እርሱት። ዛሬ ለመለኪያው ጥቂት ሚሊግራም ይበቃዋል። መጀመሪያ የእንጨት ባለሙያ ጋ ሂዱ። ፍሬ ወይም ቀጭን ጭራሮ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ያዙ፤ ጠባብ ወንፊት አምጡና አፈሩን እንደገና ንፉ።