ዶሮ እንዳትሸሻችሁ

ዶሮ ከላይ የሚመጣባትን ነገር ሁሉ ጭልፊት አድርጋ ነው የምታየው። ቆማችሁ እጃችሁን ከጀርባዋ በላይ ስትዘረጉ ብትበረግግ አይፈረድባትም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁመታችሁን ቀንሱ፦ ቁጭ በሉ፣ እጃችሁን ከደረቷ ዝቅ አድርጋችሁ በጎን በኩል አቅርቡ።

አዲስ የመጡ ዶሮዎችን በመጀመሪያው ሳምንት ለመንካት አትሞክሩ። ቤታቸው ውስጥ ዘግታችሁ አቆዩአቸውና ቆጡን፣ ውሃውንና መኖውን ይልመዱ። እናንተ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መኖ አቅርባችሁ ጥቂት ደቂቃ አጠገባቸው ተቀመጡ። መኖውን ከማቅረባችሁ በፊት ሁሌም አንድ ዓይነት ድምፅ አሰሙ፤ ጥሬ የያዘ ጣሳ ማንኮሻኮሽ ይበቃል። ጥሬው ከተበተነ በኋላ የሚመጣ ድምፅ ግን ምንም አያስተምራቸውም።

ከዚያ ጥሬውን መጀመሪያ አንድ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ በትኑ፤ በየቀኑ ወደ እግራችሁ እያስጠጋችሁ በመጨረሻ መዳፋችሁ ላይ አድርጉት። ጠዋት ከዋናው መኖ በፊት ይሻላል፤ የጠገበች ዶሮ ለማንም አትቸኩልም። የደረቀ የዝንብ እጭ ካገኛችሁ ከበቆሎ ይበልጥ ይስባቸዋል። መጠኑ ግን አይብዛ፦ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም ገደማ ትበላለች፣ ማባበያው ከዚህ አንድ አሥረኛውን አይለፍ። ከበለጠ የተመጣጠነውን መኖ ትታ እሱን ትጠብቃለች፤ ካልሲየም ሲጎድላት የእንቁላሏ ቅርፊት ይሳሳል። ቀለበታችሁንም አውልቁ። የሚያብረቀርቅ ነገር ትነቁራለች፤ እናንተ ደንግጣችሁ እጃችሁን ስትስቡ ደግሞ መንጋው በሙሉ ይበረግጋል።

ደፋሯ ትቀድማለች፣ ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። አንዷ ብቻ አልጠጋ ካለች የምትፈራው እናንተን ላይሆን ይችላል፤ እጃችሁ አጠገብ የቆመችው አለቃዋ ትነቁራት ይሆናል። ለእሷ ለብቻዋ ስጧት። ዝርያም ልዩነት አለው፦ ኦርፒንግተንና ኮቺን ረጋ ያሉ ናቸው፣ ሌግሆርን ግን ከእጅ ቢበላም መታቀፍ ላይወድ ይችላል። እንዲህ ከሆነ አታስገድዱት።

ስትይዟት ሁለቱንም ክንፎች ከጎኗ ጋር ግጠሙ፤ አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አስገብታችሁ እግሮቿን በጣቶቻችሁ መሃል ያዙና ወደ ሰውነታችሁ አስጠጓት። ደረቷን አትጭመቁ። ዶሮ እንደኛ ዲያፍራም፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷ ሲሰፋና ሲጠብ ስለሆነ ብትጨምቋት ትታፈናለች። በእግሯ ዘቅዝቆ ማንጠልጠልም ትንፋሿን ያስቸግራታል። እየተንፈራገጠች አትልቀቋት፤ መንፈራገጥ እንደሚያስለቅቅ ትማራለች። ጸጥ ስትል እግሯ መሬት እስኪነካ አውርዷት። ማሳደድ ደግሞ የሳምንታት ድካምን በአንድ ጊዜ ያጠፋል። መድኃኒት ለመስጠት መያዝ ካለባችሁ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ በጨለማ ቀስ ብላችሁ አንሷት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ምልክቱን በማንበብ ላይ ነው። በጀርባዋ ስትገለበጥ ድርቅ ብላ የምትቀር ዶሮ በፍርሃት ደንዝዛ ነው እንጂ ተመችቷት አይደለም። እንቁላል መጣል ልትጀምር የደረሰች ቄብ እጃችሁን ስታይ ክንፏን ገለጥ አድርጋ ቁጢጥ ካለች ደግሞ ለአውራ ዶሮ የምታደርገውን ነው ያደረገችው። እምነት የሚታየው ጀርባዋን ሰጥታችሁ ላባዋን ስታበጥር ወይም አጠገባችሁ አፈር ስትታጠብ ነው።

ጫጩቶችን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ማላመድ ይቀላል፤ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ስለሚፈልጉ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታውጧቸው። አምርራ የምትጮህ ጫጩት ብርድ ይዟት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መልሷት። ሳልሞኔላ የተባለው ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ጤነኛ ከምትመስል ዶሮም ስለሚተላለፍ ከነካችሁ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሕፃናትም አይሳሟቸው።

ወንዱን ጫጩት ግን እንደ ሴቶቹ አታባብሉት። ከሰው ጋር ተቃቅፎ ያደገ አውራ ዶሮ ሲጎረምስ ሰውን እንደ ተቀናቃኝ ቆጥሮ በእግሩ እሾህ ሊወጋ ይችላል። ከእጃችሁ ሳይሆን ከመሬት ይልቀም፤ መንገዳችሁ ላይ ከቆመም ዞራችሁ አትለፉ፣ ረጋ ብላችሁ ወደ ፊት ተራመዱና እሱ ገለል ይበል።