ሲሪያል መስመሩ አፕ፣ ፕሮቶኮሉ ዳውን፦ ሁለቱ ራውተሮች ያልተስማሙት በምንድን ነው?

አንዱ ራውተር (ኔትወርኮችን የሚያገናኝ መሣሪያ) አዳማ ዋናው ቢሮ፣ ሌላው አሰላ ቅርንጫፍ ነው እንበል። በመካከላቸው አንድ ሲሪያል መስመር (ቢቶችን ተራ በተራ የሚያስተላልፍ መስመር) አለ። አዳማ ያለው የሲስኮ ራውተር ላይ «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» ስትሉ ስለ ፖርቱ ሁለት ቃል ታያላችሁ፤ የመጀመሪያው፣ የመስመሩ፣ አፕ (ተነስቷል)፤ ሁለተኛው፣ የፕሮቶኮሉ ማለትም የንግግር ደንቡ፣ ዳውን (አልተነሳም)። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ገመድ መንቀል ይጀምራል። የመጀመሪያው አፕ ግን ፖርቱ ከሞደሙ በኩል ሲግናል እያገኘ መሆኑን ነግሮናል። ያልተነሳው ንግግሩ ነው። ስለዚህ ከአዳማ ሳትነሱ የአሰላውንም ኮንፊገሬሽን (ቅንብር) ማግኘት አለባችሁ። በአንድ ጫፍ ብቻ እያዩ የሲሪያል ችግር መፍታት የአንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ እንደመፍረድ ነው።

ሁለቱም ቃል ዳውን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ገመዱን፣ ሞደሙን፣ የአቅራቢውን መስመር ፈትሹ። ባለ 34 ፒኑ ቪ.35 ማያያዣ ብሎኖቹ ሳይጠብቁ ሲቀሩ ቀስ በቀስ ይላቀቃል፤ አዳማ ደግሞ አቧራው ብዙ ነው።

አፕ እና ዳውን ሲሆን ከገመድ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ አያለሁ፤ ክሎክ፣ ማለትም ቢቶቹ የሚላኩበትን ምት የሚሰጠው ምልክት። በእውነተኛ መስመር ላይ ክሎክ የሚሰጠው የአቅራቢው መሣሪያ ስለሆነ ሁለቱም ራውተሮች ዲቲኢ (ክሎክ ተቀባይ) ናቸው። በላብ ሁለት ራውተር ፊት ለፊት ሲገናኝ ግን ከገመዱ አንዱ ጫፍ ዲሲኢ ነው፤ ክሎኩን የሚሰጠውም እሱ ነው። የትኛው እንደሆነ በግምት አትሂዱ፤ «ሾው ኮንትሮለርስ ሲሪያል 0/0/0» ይነግራችኋል። ዲሲኢ ባለው ላይ «ክሎክ ሬት 64000» ይጻፋል።

ቀጥሎ ኢንካፕሱሌሽን፣ ማለትም ፓኬቱ (የመረጃው ጥቅል) መስመሩ ላይ ሲወጣ የሚታሸግበት መንገድ። የሲስኮ ሲሪያል ፖርት ምንም ካልነገራችሁት ኤችዲኤልሲ የሚባለውን አስተሻሸግ ይጠቀማል። ይህ ግን ዓለም አቀፉ ኤችዲኤልሲ አይደለም። በዓለም አቀፉ ፍሬም (እሽግ) ውስጥ የተሸከመው ፓኬት ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገር ቦታ ስለሌለ ሲስኮ የራሱን 2 ባይት ጨመረበት። የሁዋዌ ራውተር ሲሪያል ፖርት በበኩሉ ሳይነካ ፒፒፒ የሚባለውን ሌላ አስተሻሸግ ይጠቀማል። ሁለቱን እንዳሉ ብታገናኟቸው መስመሩ አይነሳም። የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ በሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በሁለቱም በኩል «ኢንካፕሱሌሽን ፒፒፒ» በሉ። ኤችዲኤልሲ ቀላል ስለሆነ ይፈጥናል የሚባለውን አትስሙ፤ በሲስኮውም በፒፒፒም ከፓኬቱ ፊት የሚቀመጠው ያው 4 ባይት ነው፤ አድራሻ 1፣ መቆጣጠሪያ 1፣ የፕሮቶኮል ዓይነት 2።

ትናንት ሲሠራ የነበረ መስመር ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ እምቢ ካለ መጀመሪያ የምጠረጥረው ያልተቀመጠ ኮንፊገሬሽን ነው። አንዱ ጫፍ ላይ ፒፒፒ ተጽፎ «ራይት» ካልተባለ ራውተሩ ሲነሳ ወደ ኤችዲኤልሲ ይመለሳል፤ ሌላው ጫፍ ግን በፒፒፒው ላይ ነው።

ፒፒፒ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው አርኤፍሲ 1661 በተባለ የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ የተደነገገ ነው፤ አነሳሱም ደረጃ አለው። መጀመሪያ ኤልሲፒ የሚባለው ክፍሉ ስለ መስመሩ ይደራደራል፤ ከዚያ ከተጠየቀ ማንነት ይረጋገጣል፤ በመጨረሻ አይፒሲፒ የሚባለው ክፍል አይፒን ያስነሳል። «ዲበግ ፒፒፒ ኔጎሼሽን» ብላችሁ ስታዩት የገበያ ክርክር ይመስላል። አንዱ ጥያቄ ይልካል። ሌላው ከተስማማ አክ ይላል። ናክ ካለ «ነገሩን እቀበላለሁ፣ ዋጋውን ግን ለውጥ» ማለቱ ነው። ሪጀክት ካለ ዕቃውን ራሱን አልፈልግም ብሏል። ጥያቄ ብቻ ተደጋግሞ ወጥቶ ምንም መልስ ካልመጣ ወይ ሌላኛው ጫፍ ፒፒፒ አይናገርም፣ ወይ መስመሩ በአንድ አቅጣጫ ተቋርጧል። ኤልሲፒ ኦፕን ብሎ ማረጋገጫው ላይ ከወደቀ ደግሞ ቀጥሎ የማነሳውን የማንነት ማረጋገጫ መንገድ፣ ቻፕን ተመልከቱ። ስትጨርሱ ዲበጉን የሚያጠፋውን «አንዲበግ ኦል» አትርሱ።

ጊዜ የሚበላው ቻፕ ነው። አዳማ የዘፈቀደ ቁጥር ይልካል፤ አሰላ ያንን ቁጥር ከጥያቄው መለያ ቁጥር እና ከይለፍ ቃሉ ጋር ኤምዲ5 በሚባል ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ፈጭቶ 16 ባይት ውጤቱን ከስሙ ጋር ይመልሳል፤ አዳማም ራሱ አስልቶ ያመሳስላል። ይለፍ ቃሉ መስመሩ ላይ አይወጣም። በሌላው የማረጋገጫ መንገድ፣ በፓፕ ግን እንዳለ፣ ሳይሸፈን ይሄዳል፤ እኔ ፓፕን ሌላ አማራጭ ከሌለ በቀር አላስቀምጥም። ቻፕ ላይ የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ነው። «ዩዘርኔም» ብላችሁ የምትጽፉት የራሳችሁን ራውተር ስም ሳይሆን የወዲያኛውን ነው፤ አዳማ ላይ የአሰላ ስም፣ አሰላ ላይ የአዳማ ስም። ስሙም ከሆስትኔሙ (ለዚያ ራውተር ከተሰጠው ስም) ጋር በትልቅና ትንሽ ፊደል ጭምር መግጠም አለበት፤ ሆስትኔም የቀየረ ሰው ቻፕንም ሰብሯል። ይለፍ ቃሉ በሁለቱም በኩል አንድ ነው፤ ከሌላ ቦታ ቀድታችሁ ስትለጥፉ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ እንዳይከተል። ሦስተኛው ለጥንቃቄ ተብሎ የሚሠራ ስህተት ነው። «ፓስወርድ» በሚለው ፈንታ «ሲክሬት» ብሎ መጻፍ። ቻፕ ስሌቱን ለመሥራት ይለፍ ቃሉን እንዳለ ማግኘት አለበት፤ ሲክሬት ደግሞ ተፈጭቶ የተቀመጠ ስለሆነ ወደ ኋላ አይመለስም። ማረጋገጫው ይወድቃል።

አፕ ነው ግን «ሉፕድ» የሚል ከጨመረ የላካችሁት ራሱ እየተመለሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙ ለሙከራ ሉፕባክ ላይ ተደርጎ ተረስቶ ነው። ፒፒፒ ይህን የሚያውቀው በማጂክ ነምበር፣ እያንዳንዱ ጫፍ በዘፈቀደ መርጦ በሚልከው ቁጥር ነው፤ የራሱን ቁጥር ሲያይ ወዲያ ማዶ ሰው እንደሌለ ይረዳል።

ፒፒፒ አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው። ሲነሳ የጎረቤቱን አይፒ አድራሻ በ/32 (ለዚያ አንድ አድራሻ ብቻ የሚሆን መንገድ አድርጎ) ወደ ራውቲንግ (የመንገድ) ሠንጠረዡ ያስገባል። ስለዚህ በአንዱ ጫፍ 10.1.1.1/30፣ በሌላው በስህተት 10.1.1.6/30 ቢሰጥም ፒንግ (ወዲያ ማዶ መድረሱን የሚፈትን ትእዛዝ) ይመልሳል። ራውተሮች መንገድ የሚለዋወጡበት ፕሮቶኮል ኢአይጂአርፒ ግን ጎረቤቱ በአንድ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል) ላይ አይደለም ብሎ ይጮኻል። ኤችዲኤልሲ ላይ ፒንጉም አይሠራም ነበር። ፒንግ መለሰ ማለት አድራሻው ልክ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ።

ባንድዊድዝም አለ። የሲስኮ ሲሪያል ፖርት ፍጥነቱን 1544 ኪሎቢት ብሎ ያምናል፤ መስመሩ 64 ይሁን 2048 ግድ የለውም። ሌላው መንገድ መራጭ ፕሮቶኮል ኦኤስፒኤፍ ከዚህ ተነስቶ ለሁሉም ወጪውን (ዝቅ ያለው መንገድ የሚመረጥበትን ቁጥር) 64 ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለት መንገድ ካላችሁና አንዱ 64 ኪሎቢት ከሆነ ትራፊኩን እኩል ከፍሎ ግማሹን ቀጭኑ ላይ ይደፋዋል። «ባንድዊድዝ 64» ሲባል ወጪው 1562 ይሆንና መንገዱ ይስተካከላል። ትእዛዙ ፍጥነቱን አይቀይርም፤ ለራውቲንጉ እውነቱን ይነግረዋል እንጂ።

ከአዳማ ሆናችሁ ኤችዲኤልሲውን ወደ ፒፒፒ ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉ ሩቁ ጫፍ መጀመሪያ ነው። የቅርቡን ካስቀደማችሁ መግቢያችሁን ራሳችሁ ዘጋችሁ። አሰላ ገብታችሁ ኮንፊገሬሽኑን አስቀምጡ፤ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠፍቶ እንዲነሳ «ሪሎድ ኢን 10» በሉ፤ ከዚያ ኢንካፕሱሌሽኑን ቀይሩ። ግንኙነቱ እዚያው ይቋረጣል። አዳማን ቀይሩ። መስመሩ ከተነሳ ተመልሳችሁ ገብታችሁ «ሪሎድ ካንስል»፣ ቀጥሎ በሁለቱም ላይ «ራይት»። ካልተነሳ አዳማን ወደ ኤችዲኤልሲ መልሳችሁ ጠብቁ፤ 10 ደቂቃው ሲሞላ አሰላ በድሮው ኮንፊገሬሽን ይነሳል፤ መስመሩም ይመለሳል።